ማጅራቱን ሳይ የዋልኩበት ቅዳሜ

ላግባው ወይስ አላግባው የሚለውን የምወስንበት አንድ ቀን ተሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ቀን ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማጅራቱን ሳይ ዋልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነበር፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን እያጠብኩ፣ እያለበስኩ፣ እያበላሁ እሠራለሁ። እሱ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ታክሲ ይነዳል። ሁለታችንም ጴንጤ ነን። የኔ ቸርች መጋቢና የሱ ቸርች መጋቢ አንድ ኮንፍረንስ ላይ ተገናኝተው ሻይ ሲጠጡ፣ አንዱ «ያላገባ ጥሩ ወንድም አለን» ሲል ሌላው «እኛም አንዲት እህት አለችን» አለ፤ በዚያው ስልካችንን ተለዋወጡልን።

ከዚያ በኋላ ወራት በስልክ አለፉ። ሰው በስልክ ፊት ለፊት የሚተያይበት ዘመን ገና አልመጣም። ፎቶ ተላልከን ነበር፤ የሱ ግን መንጃ ፈቃድ ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት ነው፣ ኮስተር ብሎ የተነሳው። ድምፁን ወደድኩት። አይቸኩልም፤ የጠየቅኩትን ሳይመልስልኝ ወደ ሌላ ወሬ አያልፍም። የሚያበሽቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህቴ» ይለኛል። «እህቴ እንዴት አደርሽ? እህቴ ሺፍትሽ እንዴት ነበር?» በቸርች ወግ ሁሉም ሰው እህትና ወንድም ነው፣ ይሁን። ግን ሰው እህቱን ለማግባት ነው እንዴ በየማታው ሚኒሶታ ድረስ ኮል የሚያደርገው?

በመጨረሻ የቸርቾቻችን ሽማግሌዎች «ስልክ ይብቃ፣ ተያዩ» አሉን። አርብ ሄጄ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት አድራለሁ። ቅዳሜን አብረን እንውላለን፤ ከተማውን ያሳየኛል፣ እንበላለን፣ ዕቃ እንገዛለን። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በሱ ቸርች ሽማግሌዎች ፊት ሁለታችንም ቁርጡን እንናገራለን፤ አዎ ከሆነ አዎ፣ አይ ከሆነ አይ። ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስትን አልፏል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሰው እምቢ ብያለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ይሄንንም እንዳታባርሪው» ትለኛለች። ብቻዬን መኖሩ ሰልችቶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ከማይሆን ሰው ጋር መኖሩ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስፈራኝ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በራስ ጭንቅላት ብቻ አይወሰንም፤ ምልክት ይጠየቃል። አንዷ ጓደኛዬ «ጌታ ሆይ፣ የኔ ከሆነ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ይምጣ» ብላ ጸለየች፤ ሰውዬው ሰማያዊ ለብሶ ከተፍ አለ፣ ዛሬ ልጆች ወልደው ይኖራሉ። «ለመሆኑ ሌላ ሸሚዝ አለው?» ብዬ ጠይቄያት ተኮራርፈናል። ሌላዋ ደግሞ በረዶ እንዲዘንብላት ለመነች፤ ያውም በጥር፣ ያውም ሚኒሶታ። በእነሱ ስስቅ ቆይቼ፣ ተራዬ ሲደርስ እኔም ያንኑ አደረግኩ። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ እንዳትሰማኝ ባኞ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና፣ «ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሰው ካንተ ከሆነ፣ ምንም ሳልነግረው ዛሬ ራሱ ‹ደከመሽ ወይ?› ብሎ ይጠይቀኝ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ቀላል ነገር ነው የጠየቅኩት የሚል ካለ የኔን ሥራ ይሞክረው። ቀኑን ሙሉ «ደከመዎት? አመመዎት? ትራሱን ላስተካክልልዎት?» እያልኩ ነው የምውለው። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን «አንቺስ?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። እናቴ እንኳን ስትደውል የምትጠይቀኝ ስለ ባል ነው።

ያን ዕለት ብቻችንን አልነበርንም። ያልተጋቡ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን መኪና ውስጥ ሲዞሩ አይውሉማ፤ ሰው ምን ይላል? አክስቴ አብራን ልትውል ተመደበች። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዋ ውስጥ የሰው ልጆች እየጠበቀች ትኖራለች፣ ወሬዋ የማያልቅ፣ ጸሎቷም የማያልቅ። ለእናቴ «ከዓይኔ አይጠፉም» ብላ በስልክ ቃል ገብታላታለች። ለዚሁ ቀን ብላ ለሠርግ ብቻ የምታደርገውን ሹል ጥቁር ጫማ አወጣች። እኔም ጓደኞቼ በግድ ያስገዙኝን ባለ ተረከዝ ተጫማሁ። እሷም የኔን ጫማ አየች፣ እኔም የሷን አየሁ፤ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

በተባለው ሰዓት መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ታክሲውን አሳጥቦ። በፎቶው ላይ ካለው ይሻላል፤ ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠባሉ። «እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ከዚያ ሮጥ ብሎ የፊተኛውን በር ከፈተና ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይግቡ።»

ምን ያድርግ? የታላቅ ቦታ ፊት ነው። አክስቴ እያለች እኔን ፊት ቢያስቀምጠኝ አሳዳጊ የበደለው ይባል ነበር። አክስቴም «አይ፣ እናንተ ፊት ሁኑ» ማለት ወደ ልቧ አልመጣም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች፣ ወንበሩንም ለእግሯ እንዲመቻት ወደ ኋላ ገፋችው፣ ጉልበቴ ላይ። እኔ ከኋላ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጥኩ። የታክሲውን ሂሳብ መቁጠሪያ ሜትር የሚያስነሳ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ማጅራቱን አወቅኩት። ጠይም፣ ወፍራም ያልሆነ፣ ለዕለቱ ብሎ የተስተካከለ። ባርበሩ ግን በግራ በኩል፣ ከኮሌታው ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ፀጉር ረስቶበታል። ዓይኔ እዚያች ላይ ተተከለ። ልንገረው አልኩና፣ ምን ብዬ? ገና በቅጡ ሰላም ያልተባባልነውን ሰው «ማጅራትህ» ብዬ ልጀምር? ተውኩት። አንድ ሁለቴ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ወዲያው አክስቴ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ሻሿን ማስተካከል ጀመረች። እሱ ትንሽ ቆይቶ በዘዴ መለሰው፤ እኔን ግን ከዚያ በኋላ በመስታወት ለማየት አፈረ መሰለኝ።

ወሬውን የያዘችው አክስቴ ናት። አባቱ በሕይወት አሉ ወይ? አሉ። እናቱስ? አርፈዋል። ስንት ወንድም፣ ስንት እህት? ማን ምን ይሠራል? እኔ በወራት ስልክ ልጠይቀው ያፈርኩትን ሁሉ ዲሲ ሳንገባ ጠይቃ ጨረሰች።

ዋይት ሃውስ አጠገብ መኪና ማቆሚያ የለም፤ ራቅ አድርጎ አቆመና በእግር ሄድን። አጥሩ ጋ ደርሰን ፎቶ ተነሳን፤ እኔና አክስቴ፣ ከዚያ እሱና አክስቴ። እኔና እሱ ብቻችንን የተነሳነው የለም። ከዚያ ወደ ረጅሙ ሹል ሐውልት አዘገምን። በዓይን ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ሲሄዱት ግን ይሸሻል። ገና ዋይት ሃውስ ሳንደርስ ግራ ተረከዜን ጫማው ሲልጠኝ ታውቆኛል።

ያን ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አግዳሚ ወንበር ባለበት ሁሉ ቆም ይላል። ቆም ይልና ያየኛል። «እንቀጥል?» ይለኛል። «እንቀጥል» እላለሁ። አንገቱን ዝቅ ያደርግና ይቀጥላል። ቀጥሎ ያለው ወንበር ጋ ስንደርስ ደግሞ ያው፤ ቆም፣ አየት፣ «እንቀጥል?» ሰውዬው ምን ነካው? ወታደር ነበር እንዴ? በልቤ «ጠይቀኝ፤ ደከመሽ ወይ በለኝ፣ አንዲት ቃል ናት» እላለሁ። አፌ ግን «ምንም አይደል፣ አየሩ ደስ ይላል» ይላል። አክስቴ ከኋላችን አንድ እርምጃ ሳትርቅ ትከተላለች። እሷም ቢሆን ብትሞት «አረፍ እንበል» አትልም፤ ያረጀች የሚያስመስላትን ነገር አትወድም።

ትልቁ የድንጋይ ሰውዬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት ሐውልት ጋ ስንደርስ ደረጃውን ቀና ብዬ አየሁ። እሱም ደረጃውን አየ፣ ከዚያ እኔን። «እንውጣ?» አለኝ፤ ድምፁ የሚለምን ይመስል ነበር። «እንውጣ እንጂ!» አልኩ። ወጣን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተቀምጦ ያየሁት ሰው ያ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ቀናሁበት።

ምሳ አዳምስ ሞርጋን ነው የበላነው፣ ከጥንት ጀምሮ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል፤ ውጭ ቆመን ወረፋ ጠበቅን። ኋላ ጌታ ይመስገን ተቀመጥን። ክትፎና ጥብስ መጣ፤ አክስቴ ልትጸልይ እጇን ዘረጋች። ስለ ምግቡ ጀምራ ስለ ሀገር ጸለየች፤ ስለ ሀገር ጨርሳ ወደ እኛ ዞረች። «ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ልጆችህ ነገ ቁርጡን ሊናገሩ ነው፤ ፈቃድህን ግለጥላቸው!» አለች፣ ሹክሹክታ በማታውቅ ድምጿ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ መብላቱን አቁሞ አየን። አንድ ሽማግሌ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «አሜን» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ጆሮው ቀልቶ እንጀራውን ቆረሰና ደህና አድርጎ ጠቀለለ። እጁ ከሳህኑ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። እኔን እንዳያጎርሰኝ ገና ምኔም አይደለም፤ ራሱ እንዳይበላው ጉርሻ ነው። አዞረና «እትዬ፣ በሞቴ» ብሎ አክስቴን አጎረሳት። አክስቴ አላምጣ ስትጨርስ በተራዋ ጠቀለለችና እኔን አጎረሰችኝ። ያን ቀን ከሱ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚደርሰኝ በአክስቴ በኩል ዞሮ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወንዙን ተሻግረን ወደ አሌክሳንድርያ ወረድን። ኪንግ ስትሪትን ከላይ እስከ ወንዙ ዳር በእግር። ቆንጆ መንገድ ነው፤ የድሮ ቤቶች፣ ትናንሽ ሱቆች፣ አበባ የተንጠለጠለባቸው መስኮቶች። የእግረኛ መንገዱ ግን ሸክላ የተነጠፈ ነው፣ ይሄን ጓደኞቼ አልነገሩኝም። ግማሽ መንገድ ላይ የጫማዬ ተረከዝ በሁለት ሸክላ መሃል ገብቶ ተቀረቀረ፤ ልወድቅ ስል ክንዴን አፈፍ አደረገኝ። ወዲያው ደግሞ እሳት እንደነካ ሰው ለቀቀኝ።

«ይቅርታ እህቴ! ተጎዳሽ?»

ልቤ ዘለለ። ከዚያ ተመልሶ ቁጭ አለ። «ተጎዳሽ» ነው ያለው፤ «ደከመሽ» አላለም። በሆዴ ከፈጣሪዬ ጋር ክርክር ገጠምኩ፤ ይሄ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አይቆጠርም አልኩ። ሰው ሲወድቅ ማንም መንገደኛ «ተጎዳሽ» ይላል። «ምንም አልሆንኩም» አልኩት፣ ተረከዜ እርጥብ ሆኖ እየተሰማኝ። ፊቱ ጨለመ። ምን አጠፋሁ?

ወንዙ ዳር ጀልባዎቹን አየን። ማዶ ያለው ሜሪላንድ መሆኑን ነገረኝ። አግዳሚ ወንበር ነበር፣ ባዶ። ቆም አለ፣ አየኝ። «ውሃው ደስ ይላል» አልኩ፣ እንደ ምሰሶ ቆሜ። አክስቴ ከኋላዬ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

ከዚያ ላንድማርክ ያለው ሞል ሄድን። ሺፍቴን ለሸፈኑልኝ ሁለት ሴቶች ሎሽንና ሻርፕ ገዛሁ። እሱ በየሱቁ በር ላይ እጁን ከኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። ምንም ልግዛልሽ አላለኝም፤ መልስ ሳይሰጥ ስጦታ መስጠት ደንብ አይደለምና አልፈረድኩበትም። ሲመሽ እየተናደድኩ መጣሁ። አንድ ቀን ሙሉ! አንድም ጊዜ!

ጫማ የሚሸጥበት ክፍል ጋ ስንደርስ አክስቴ ጫማ መለኪያው ወንበር ላይ ዱብ አለች።

«ወይኔ! እናንተ ልጆች፣ እኔን ልትቀብሩኝ ነው እንዴ ይዛችሁኝ የወጣችሁት? ደክሞኛል! ኧረ ደክሞኛል! ከጠዋት ጀምሮ ስትጎትቱኝ ዋላችሁ፤ እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል! ሰው አይደለሁም? በኢየሱስ ስም አንድ እርምጃ አልራመድም!»

እሱ ቀጥ ብሎ ቀረ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ፤ የደስታ ዓይነት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ትንሽ አየኝ፣ ብልጭታዋም ጠፋች። ያኔ አልገባኝም። ወዲያው በዚያ በሱፉ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

«በጣም ደከመዎት እትዬ?»

ጆሮዬን አላመንኩም። ጠዋት ቧንቧ ከፍቼ የለመንኳት ቃል፣ ቀኑን ሙሉ በየወንበሩ የጠበቅኳት ቃል፣ ለአክስቴ! ሹሉን ጫማ ቀስ ብሎ አወለቀላት። እግሯ አብጦ የጫማው ጠርዝ ምልክት ሠርቶበታል። ሳይጠየፍ በሁለት እጁ ይዞ አሸት አሸት አደረገላት፤ እግር የማሸት ሥራ ስለማውቅ የሚያውቅ እጅ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ሰፋ ያለ ለስላሳ ስኒከር ፈልጎ አመጣ፣ አደረገላት፣ ክሩን አሰረላት፣ «ይጠብቃል? ላላላልዎት?» አላት። አክስቴ እንደ ንግሥት ተቀምጣ «ተባረክ ልጄ፣ ተባረክ» ትላለች። ደንቡ ለሷ አይሠራማ፤ ለእናት መግዛት ሁልጊዜም ደንብ ነው።

እኔ በላያቸው ላይ የሎሽን ከረጢት ይዤ ቆሜያለሁ። ቀናሁ። ይሄን መደበቅ አልችልም፤ በገዛ አክስቴ ቀናሁ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ አክስቴ ፊት ወንበር ላይ በአዲሱ ስኒከሯ ተኝታ ታንኮራፋ ነበር። አሁን የምናወራበት ጊዜ ነበር፤ ግን እሷ እንዳትነቃ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ያችን የተረሳች ፀጉር እያየሁ ቁርጡን ወሰንኩ። ምልክቱ አልመጣም። መጥቷል ቢባልም ለኔ አልመጣም። ነገ «አይ» እላለሁ። የገረመኝ፣ ይሄን ስወስን ይቀለኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዴ ባባ። ለካ ወድጄዋለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በር ላይ ሲያወርደን «ነገ እንግዲህ፣ እህቴ» አለኝ፤ ድምፁ ስልክ ላይ የማውቀው አልነበረም።

እሁድ ጠዋት መጥቶ ወሰደን፤ ያው ወንበር፣ ያው ማጅራት። ሻንጣዬ ኋላ ተጭኗል። ቸርቻቸው አሌክሳንድርያ ውስጥ ከፈረንጅ ቸርች የተከራዩት አዳራሽ ነው። መዝሙሩም ስብከቱም ምን እንደነበር አላስታውስም። አምልኮው ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ወደ ጓዳ ገብተው ወንበር መደርደር ጀመሩ፤ አክስቴ ከሴቶቹ ጋር ስትሳሳም ቀረች። እኔ ተረከዜ አላስቆመኝ ስላለ ከሻንጣዬ ነጠላ ጫማ ላወጣ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ቁልፉን ይዞ ተከተለኝ። የመኪናውን ኋላ ከፈተልኝ፤ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ ቁስሉ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር አብሮ ተነሳ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ጫማው ነው።»

«ትናንት?»

«ዋይት ሃውስ ሳንደርስ ነው የጀመረኝ።»

«ዋይት ሃውስ ሳንደርስ! ያንን ሁሉ ደረጃ በዚህ እግር ወጣሽ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ሲቆጣ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እኔም የሞላብኝ ገነፈለ።

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ ቀን ሙሉ እንደ በግ ስትነዳኝ፣ ደከመሽ ወይ ማለት ያንቃል? ለአክስቴ ስትል አላነቀህም!»

መሬት መሬት ያያል። «ልጠይቅሽ አልችልም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ጌታን ለምኜ ነበር። ምልክት። ሳልጠይቃት ራሷ ‹ደክሞኛል፣ አረፍ እንበል› ትበለኝ ብዬ። ከጠየቅኩሽማ ምልክት አይሆንም። በየወንበሩ ስቆም እኮ ነበር።» ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቀጠለ። «እናቴ አንድም ቀን ደከመኝ ብላ አታውቅም። ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ፣ እንዲህ ነበር መልሷ። አንድ ጠዋት ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ እግሯን ማሸት እንጂ ሌላ የምናደርግላት ነገር አልነበረም። ደክሞኛል ከማትል ሰው ጋር ድጋሚ መኖር አልችልም። ዛሬ ለሽማግሌዎቹ አይ ልላቸው ነበር።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ሆዴን ይዤ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳቅኩ። እሱ ያሾፍኩበት መስሎት ሊሄድ ሲል እጅጌውን ይዤ የራሴን ምልክት ነገርኩት፤ ባኞ ቤቱን፣ ቧንቧውን፣ «ደከመሽ ወይ» የምትለዋን።

«ለእትዬ ነው እኮ ያልኩት» አለ።

«ሰምቻለሁ። ‹ደክሞኛል› ያለችህም እሷ ናት። በምልክቱ ከሄድን ማግባት ያለብህ አክስቴን ነው።»

ዓይኖቹ ጠበቡ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ጌታስ ቢሆን ምን ያድርግ? ሁለታችንንም ሰምቶ የአንዳችንን ምልክት ሳያበላሽ ለሌላው መስጠት አይችልም።

ሳቁ አለቀ። አሁን ወይ እሱ ይጠይቃል ወይ እኔ እናገራለሁ። ቀላል ይመስላል። ያቺን ቃል ግን ለማንም ብያት አላውቅም ነበር።

«ደክሞኛል» አልኩ።

«ከትናንት ጀምሮ?»

«አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ» አልኩና እንባዬ መጣ። በሰው ቸርች ፓርኪንግ፣ አንድ ጫማ አድርጌ፣ አለቀስኩ።

አላባበለኝም። እህቴም አላለኝም። ነጠላ ጫማዬን አቀበለኝ፣ ክንዴን ያዘ፣ አሁን አልለቀቀም። የፊተኛውን በር ከፈተና «ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱም ዞሮ መሪው ጋ ገባ። ፊቱን ከጎን አየሁት።

ትንሽ ቆይተው አክስቴና ሽማግሌዎቹ ተከታትለው ወጡ። አክስቴ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ ስኒከሯን አድርጋለች። መኪናው ጋ ስትደርስ የፊተኛውን በር እጀታ ያዘች፤ በመስኮቱ ውስጥ እኔን አየችኝ። ልነሳ ቀበቶዬን ፈታሁ። አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ያበጠ ዓይኔን አየች። ከዚያ እጀታውን ለቀቀች። የኋላውን በር በራሷ እጅ ከፍታ ገባች፣ ዘጋች።

«እኛ እኮ ውስጥ ስንጠብቃችሁ ነበር» አሉ አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው። «መልሱስ?»

«ምን መልስ አለ? ወንበሬን ወስዳለች አይደል? እናንተ ቀኑን ቁረጡ» አለች አክስቴ ከኋላ። «በል አንተ ንዳ፣ ፕሌኑ ያመልጣታል።»

ተነሳን። ትልቁን መንገድ ያዝን። አክስቴ ከኋላ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ልጄ» አለችው፣ «ማጅራትህ ላይ ባርበሩ የረሳው ፀጉር አለ።»

«አውቃለሁ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳየው ነበር» አልኩ።

«ታዲያ አትናገሪም ነበር?» አለችኝ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በሠርግ ጫማዋ የተከተለችን አክስቴ።